የዩኒቨርሲቲ ክፍያ እየመጣ ነው፤ የወለዱ ጥያቄስ?

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር በየቤቱ የሚነሳው ጥያቄ ተቀይሯል። ድሮ «ልጃችን የት ደረሰው?» ነበር የሚባለው፤ ጎንደር ይሁን ጅማ፣ ሐረማያ ይሁን ሐዋሳ። አሁን ግን ከዚያ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፦ «የሚያስተምረው መንግሥት ነው ወይስ እኛ?» ይህ የሁሉም ኢትዮጵያዊ ወላጅ ጥያቄ ነው። ለሙስሊሙ ወላጅ ግን ሌላ ጥያቄ አስከትሎ ይመጣል። ገንዘቡ ከሌለን ከየት እንበደራለን? ብድሩ ወለድ ካለውስ ምን እናደርጋለን?

በዚህ ጽሑፍ ማሳየት የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። የከፍተኛ ትምህርት ወጪ ከመንግሥት ትከሻ ወደ ተማሪው ትከሻ እየተሸጋገረ ነው። ከፋይ ተማሪ በበዛባቸው ብዙ አገሮች ደግሞ የተማሪዎች ብድር ተከትሎ መጥቷል፤ እኛም ዘንድ መምጣቱ አይቀርም ብለን እናምናለን። ያ ብድር በወለድ ላይ ተመሥርቶ ከተደነገገ በኋላ ማስተካከሉ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ስለ ወለድ አልባው አማራጭ መናገር ያለብን ሕጉ ከመጻፉ በፊት፣ ዛሬ ነው።

ምን ተለወጠ?

የቀድሞው ሥርዓት ከነጉድለቱ ለድሃ ልጅ አንድ ትልቅ ነገር ነበረው። የማለፊያ ነጥብ ያመጣ ተማሪ ብርድ ልብሱንና ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፤ መኝታውም ምግቡም ትምህርቱም እዚያው ይጠብቀዋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91/1995 ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲሸፍን አድርጓል። ሁላችንም «ኮስት ሼሪንግ» የምንለው ይህ ነው። ሆኖም አብዛኛው ተማሪ ሲገባ የሚጠበቅበት ውል መፈረም ብቻ ነበር፤ ክፍያው የሚጀምረው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ፣ ከደመወዙ እየተቆረጠ ነው። በባሕርይውም የባንክ ብድር አልነበረም። የአርሲ፣ የራያ ወይም የስልጤ ገበሬ ልጅ እጁ ላይ አንድ ብር ሳይኖረው ዩኒቨርሲቲ መግባት የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። በጣት ይቆጠሩ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ የሆኑትም በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ነው።

አሁን ሦስት ነገሮች በአንድ ላይ እየተለወጡ ነው።

የመጀመሪያው ራስ ገዝነት ነው። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት ዩኒቨርሲቲዎች አስተዳደራቸውንና ገንዘባቸውን ራሳቸው የሚመሩበት መንገድ ተከፍቷል። በ1943 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ቀዳሚው ራስ ገዝ ሆኗል። ዩኒቨርሲቲው ዛሬ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ በራሳቸው ወጪ የሚማሩ ተማሪዎችንም ይቀበላል። ሌሎችም በየተራ እንዲከተሉ የመንግሥት ዕቅድ ነው። ራስ ገዝነት በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም። ምሁራን ከፖለቲካ ተጽዕኖ እንዲላቀቁ ለዓመታት ሲጠየቅ የኖረ ነገር ነው። ነገር ግን ራሱን እንዲያስተዳድር የተነገረው ተቋም ገቢውን መፈለጉ ግድ ነው፤ ከገቢ ምንጮቹ አንዱ ደግሞ ተማሪው ነው።

ሁለተኛው የፈተናው ለውጥ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። መሻሻል አለ፤ ቢሆንም ከመቶ ተፈታኝ ከ90 በላዩ በቀጥታ የሚገባበት በር የለውም። ከእነዚህ ከፊሎቹ የማካካሻ (ሬሜዲያል) ትምህርት ይወስዳሉ፤ ብዙዎች ደግሞ ወደ ግል ኮሌጆች ያማትራሉ። የግል ኮሌጅ ማለት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከኪስ መክፈል ማለት ነው።

ሦስተኛው የመውጫ ፈተናው ነው። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች ሲሰጥ ያለፉት ከተፈታኞቹ 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ የግል ተቋማት ተማሪዎች ውጤት ደግሞ ከመንግሥቶቹ እጅግ ያነሰ ነበር። ይህን ከብድር ጋር አያይዘን እናስበው። ተበድሮ አራት ዓመት የተማረ ልጅ የመውጫ ፈተናውን ቢወድቅ ዲግሪው ይቀራል፤ ዕዳው ግን አይቀርም። ዕዳው ወለድ ካለው ደግሞ ልጁ ቤት በተቀመጠበት ወር ሁሉ ያድጋል።

በዚህ ላይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የኑሮው ውድነት የት እንደደረሰ ለአንባቢያችን መንገር አያስፈልገንም።

የማይታየው በር

በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ ሂጃብ በመልበሳቸው ምክንያት ለ12ኛ ክፍል ፈተና እንዳይመዘገቡ ስለተደረጉ እህቶቻችን ሁላችንም ሰምተናል። የትግራይ ክልል እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት 159 ተማሪዎች እንደሆኑ ገልጾ ነበር። ሙስሊሙ ድምፁን አሰማ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም ክልከላውን አገደ። በሩ ላይ የተመለሰች ልጅ ትታያለች። ስሟ ይመዘገባል፤ ቁጥሯ ይቆጠራል፤ ጠበቃ ይቆምላታል።

በወለድ ምክንያት የሚቀር ተማሪ ግን አይታይም። ማንም ከበር አይመልሰውም። የብድሩን ውል ያነባል፤ ከአባቱ ጋር ይመካከራል፤ ቅጹን ሳይሞላ አጥፎ ያስቀምጠዋል። በማንኛውም ሪፖርት ላይ «በሃይማኖቱ ምክንያት የተከለከለ» ተብሎ አይጻፍም። የሚጻፈው «ያልተመዘገበ» ተብሎ ነው። ይህን ጉዳይ ከሌሎች የመብት ጥያቄዎች ሁሉ አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ለእኛ ወለድ ተራ የሒሳብ ጉዳይ አይደለም። ሪባ በሱረቱል በቀራህ በግልጽ የተከለከለ ነው፤ ማንኛውም ሙስሊም ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። ለትምህርት የሚወሰድ ብድር በችግር ጊዜ (ዶሩራ) ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም በሚለው ላይ በተለያዩ አገሮች ያሉ ዑለማእ ተለያይተው ተናግረዋል። ፍርዱን ለእነርሱ እንተዋለን። እኛ የምንለው፣ አንድ የ18 ዓመት ልጅ ከዲኑና ከትምህርቱ አንዱን እንዲመርጥ የሚያስገድድ ሥርዓት መዘርጋት የለበትም ነው። እንዲህ ባለ ሥርዓት ሀብታሙ ከፍሎ ያልፋል፤ ድሃው ወይ ይቀራል፤ ወይ ኅሊናው እየወቀሰው ይበደራል። ሸክሙ ሁልጊዜ የሚያርፈው በድሃው ላይ ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ

የብሪታንያ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በእንግሊዝ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ጣሪያ በሦስት እጥፍ ገደማ አድጎ እስከ 9,000 ፓውንድ ደረሰ፤ የተማሪዎች ብድር ወለድም ከዋጋ ንረት በላይ እንዲሆን ተደረገ። ሙስሊም ተማሪዎች ተቃውሞ አሰሙ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2014 የሕዝብ አስተያየት ሲጠይቅ 20,000 ገደማ ምላሽ መጣለት። በተካፉል መርህ የሚሠራ፣ የተመረቀው የሚከፍለው ገንዘብ ተመልሶ ለሚቀጥለው ተማሪ የሚውልበት አማራጭም ታሰበ። እ.ኤ.አ. በ2017 ፓርላማው በሕግ ፈቀደ። ከዚያስ? እስካሁን አልተጀመረም። መንግሥታት ተለዋወጡ፤ ቀጠሮው ተላለፈ፤ ያኔ የጠየቁት ተማሪዎች ዛሬ የልጆች ወላጆች ሆነዋል። ለንደን ያሉ የእኛ አገር ሰዎች ልጆችም የዚሁ ጥበቃ ተካፋዮች ናቸው።

ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1995 የተማሪዎች ብድር ቦርድ በሕግ ስታቋቁም የዘረጋችው ሥርዓት ወለድ ያለው ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የሚታሰብበት 4 በመቶ ነው። 4 በመቶ ለባንክ ሰው ትንሽ ነው። ለእኛ ግን ጥያቄው መጠኑ ላይ አይደለም።

ማሌዥያ ሌላ መንገድ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1997 የተቋቋመው የከፍተኛ ትምህርት ፈንድ ከ2008 ጀምሮ ወለዱን ትቶ በኡጅራ፣ ማለትም 1 በመቶ በሆነ የአገልግሎት ክፍያ፣ መሥራት ጀመረ። በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቆ መስፈርቱን ላሟላ ተማሪ ደግሞ ዕዳው ይሰረዝለታል። ማሌዥያ አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም ስለሆነ ቀሏት ይሆናል። ነገር ግን ወለድ አልባ የተማሪዎች ፋይናንስ ሕልም ብቻ እንዳልሆነ፣ የሚሊዮኖች ሒሳብ የሚንቀሳቀስበት ሥርዓት ሊሆን እንደሚችል አሳይታናለች።

የራሳችን ትዝታ

ብዙ ርቀን ሳንሄድ የከወለድ ነፃ ባንኮቻችንን ታሪክ እናስታውስ። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ዘምዘም ባንክን ለማቋቋም ብዙ ተለፍቶ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የወጣው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ግን ከወለድ ነፃ አገልግሎትን በመደበኛ ባንኮች መስኮት ብቻ ስለወሰነው ጥረቱ ተቋረጠ። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ የተፈቀደው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ዘምዘም ሥራ የጀመረው ደግሞ በ2013 ዓ.ም.፤ ሂጅራና ሌሎችም ተከተሉ። አንድ መመሪያ በተሳሳተ መልኩ ተጻፈ፤ ለማረም አሥር ዓመት ገደማ ፈጀ። ነጋዴ አሥር ዓመት ሊጠብቅ ይችላል፤ የዩኒቨርሲቲ ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ግን አሥር ዓመት አይጠብቅም።

«መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፤ ለአንድ እምነት ተከታዮች የተለየ ብድር አይዘጋጅም» የሚል ሙግት እንደሚነሳ እናውቃለን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል፤ እኛም እንቀበለዋለን። አንቀጽ 27 ደግሞ የእምነት ነፃነትን፣ አንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ በሚሰጡ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብትን ያረጋግጣሉ። የምንጠይቀው ለሙስሊም ብቻ የተከለለ ልዩ ጥቅም አይደለም። ወለድ አልባው አማራጭ ለፈለገው ዜጋ ሁሉ ክፍት ይሁን፤ ተጠቃሚው ከሌሎቹ ያነሰ እንዲከፍልም አንጠይቅም። ከወለድ ነፃ ባንኮች በዚሁ ሕገ መንግሥት ሥር ተፈቅደው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እየተጠቀመባቸው ነው። የወጪ መጋራቱ ደንብም ከደመወዝ ላይ በመቶኛ የሚቆረጥ ድርሻ ለዚህች አገር አዲስ ነገር እንዳልሆነ ያሳያል። መሠረቱ አለ።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ መጅሊሱ። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል። በማንኛውም ሕግ ረቂቅ ላይ በስሙ አስተያየት ማቅረብ ይችላል። ዑለማእን፣ የባንክ ባለሙያዎችን፣ የሕግ ሰዎችንና የዩኒቨርሲቲ መምህራንን ያቀፈ ቡድን አቋቁሞ፣ «ወለድ አንፈልግም» ከማለት አልፎ «እንዲህ ይሁን» የሚል የተሟላ ሐሳብ ለትምህርት ሚኒስቴር ቢያቀርብ ኃላፊነቱን ተወጣ እንላለን።

ሁለተኛ፣ ባንኮቹ። ከወለድ ነፃ ባንኮቻችን ለመኪናና ለቤት በሙራበሃ ያቀርባሉ። ለትምህርትስ? የዩኒቨርሲቲን አገልግሎት በኢጃራ መንገድ ማቅረብም ሆነ ለጎበዝ ድሃ ተማሪዎች ቀርዱል ሐሰን መመደብ በሸሪዓ አማካሪዎቻቸው ሊጠና የሚችል ነው። ባለአክሲዮኖች በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ስለ ትርፍ ድርሻ ሲጠይቁ ይህንንም ይጠይቁ።

ሦስተኛ፣ እኛው ራሳችን። አባቶቻችን ትምህርትን ያቆሙት በብድር አልነበረም። በወሎ በዳናና በጀማ ንጉሥ ደረሶች ከሩቅ አገር ተሰደው ሲቀሩ የሚያበላቸው የአካባቢው ሕዝብ ነበር። ፌዝ ከተማ የሚገኘውን፣ እ.ኤ.አ. በ859 የተመሠረተውን የቀረዊይን መስጂድና መማሪያ የታሪክ ጸሐፊዎች ፋጢማ አል-ፊህሪ ከወረሰችው ገንዘብ እንዳሠራችው ይተርካሉ። የወቅፍ ባህላችን ያን ያህል ሰፊ ነበር። ዛሬ ወቅፍ ስንል መስጂድ ብቻ ይታየናል። ኪራዩ በየዓመቱ አሥር ተማሪ የሚያስተምር አንድ ሱቅ ወቅፍ ማድረግ ለቀጣዩ ትውልድ የሚተርፍ ሰደቀቱን ጃሪያ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ወንድሞችና እህቶችም ለመስጂድ ግንባታ ያሳዩትን ትጋት እዚህ ላይ እንዲደግሙት እንጠይቃለን።

አራተኛ፣ ወላጅና ተማሪ። ማንኛውንም የክፍያ ወይም የብድር ውል ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት፤ ያልገባችሁን ጠይቁ፤ በወለዱ ምክንያት ከቀራችሁም ለአካባቢያችሁ መጅሊስ አሳውቁና ይመዝገብ። ያልተቆጠረ በደል ለሕግ አውጪው እንደሌለ ነው።

የትምህርት ጥራት መውደቅ፣ የገጠር ትምህርት ቤቶች መጎሳቆልና በየአካባቢው ያለው ግጭት ልጆቻችንን ከዩኒቨርሲቲ እያስቀሩ ያሉ ትልልቅ ምክንያቶች መሆናቸውን አንክድም። የወለዱ ጥያቄ እነዚያን አይተካም። ልዩነቱ፣ እነዚያን ለመፍታት ትውልድ የሚፈጅ ሥራ ያስፈልጋል፤ ይህኛውን ግን በአንድ የሕግ አንቀጽ ከወዲሁ መከላከል ይቻላል። አንቀጹ ገና አልተጻፈም። ሲጻፍ እኛ የት ነበርን እንዳንባል አላህ ያግዘን።