የመሬት ደብተሩ ቦረናን አያውቀውም

በደጋው ገጠር የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ብዙ ነገር ቀይሯል። በ1990ዎቹ ከትግራይ ተነስቶ ወደ ሌሎች ክልሎች የተስፋፋው ምዝገባ ለሚሊዮኖች ገበሬዎች ማሳቸውን በስማቸው የያዘ ወረቀት ሰጥቷል፤ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን እንዲጻፍም አድርጓል። ይህን ማጣጣል አይገባም። ነገር ግን ደብተሩ የተዘጋጀው ለታረሰ ማሳ ነው። ቦረና ሲደርስ የሚመዘግበውን ያጣል።

የቦረና አርብቶ አደር "መሬቴ" የሚለው አጥር ያለው ቁራሽ አይደለም። የሚታለቡት ላሞችና ጥጆቹ "ወራ" ተብለው ከመንደር አጠገብ ይቆያሉ፤ ጠንካሮቹ ከብቶች ደግሞ "ፎራ" ሆነው ከወጣቶቹ ጋር ሩቅ ይሄዳሉ። የዝናብ ጊዜ ግጦሽ ሌላ ነው፣ የበጋው ሌላ። በጋው ሲከር ሁሉም ቱላ ወደሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ይመለሳል፤ ሰዎች ከላይ እስከ ታች ተደርድረው እየዘፈኑ ውኃውን በቅብብል ያወጣሉ። ጉድጓዱ የሚጠራበት ጎሳ አለው። የማጠጫ ተራውን የሚመራ "አባ ሄሬጋ"ም አለው። ማኅተምና ቢሮ ባይኖረውም ይህ የመሬት አስተዳደር ነው፤ ያውም ዝናብ የማይታመንበትን አገር ታሳቢ አድርጎ የተሠራ።

ከ2013 እስከ 2015 ጋናውም ሃጋያውም ተከታትለው አምስት ጊዜ ከሸፉ። ከብቱ አለቀ፤ ብዙ ቤተሰብ ባዶ እጁን መጠለያ ገባ። "የአየር ንብረት ለውጥ ነው" ተባለ፤ እውነት ነው። ግን ግማሹ እውነት ነው። ቦረና ድርቅን ያውቀዋል፤ አሁን ያጣው መሸሻውን ነው። ግጦሽ ማደሻው እሳት በደርግ ዘመን ከተከለከለ በኋላ ቁጥቋጦው ሣሩን ዋጠው። ርጥበት የሚይዘው ረባዳ መሬት ታረሰ። ለጥጃ ተብሎ በጋራ ይከለል የነበረው "ካሎ" የግለሰብ አጥር እየሆነ መጣ። (አጣሪው ሁልጊዜ ከውጭ የመጣ ባለሀብት አይደለም፤ የቀበሌ ወረቀት የያዘ የራሱ የቦረና ሀብታምም ነው።)

"የተወሰደው እኮ ጥቂት ሄክታር ነው፤ ሜዳው ሞልቷል" የሚል መልስ ይሰማል። ይህን መልስ አፋር ከ60 ዓመት በፊት ሰምቶታል። በ1954 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቁሞ ወንዙ ዳር ለጥጥና ለሸንኮራ ሲሰጥ፣ ከአፋር ሰፊ ምድር አንጻር የተወሰደው ትንሽ ይመስል ነበር። የተወሰደው ግን ከብቱ በጋውን የሚያልፍበት ሣር ነው። እሱ ሲሄድ ቀሪው ሜዳ ለክረምት ብቻ የሚሆን ሆነ፤ የ1965ና 66 ድርቅ ሲመጣ ከሁሉ ክፉኛ ከተመቱት መካከል አፋሮች ነበሩ።

ሕጉስ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አርብቶ አደሩ ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይናገራል። የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ግን መንግሥት የመሬት ባለቤት ስለሆነ የወል ይዞታን እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ግል ማዞር እንደሚቻል ጽፎ ነበር። ለገበሬው ማሳ እንዲህ ያለ በር አልተከፈተም። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ፈቅዷል። ፎራ የሚያግደው ወጣት ምኑን ያስይዛል?

መፍትሔው ለእያንዳንዱ አባወራ ቁራሽ መሸንሸን አይደለም፤ እሱ ጥፋቱን በማኅተም ማጽደቅ ነው። የቀበሌ ወሰን ተከትሎ መመዝገብም አያዋጣም፤ ከብት ቀበሌ አያውቅም። መመዝገብ ያለበት ቦረናዎች "ዴዳ" የሚሉት ሙሉው የግጦሽ ክልል ነው፤ ከጉድጓዱ፣ ከበጋ ግጦሹና ከከብት መተላለፊያው ጋር፤ ጎረቤት በድርቅ ጊዜ የሚገባበት ሥርዓትም አብሮ ይጻፍ። ባህሉ ራሱ ያልመለሰው ጥያቄ አለ፤ ሴቶች በዚያ ስብሰባ ላይ ድምፃቸው የት ነው? የይዞታው ባለቤት ማን እንደሆነ ሲጻፍ ይህም መጻፍ አለበት።

ሥራው ዓመታት ይወስዳል። እስከዚያ ድረስ ግን በበጋ ግጦሽ ላይ አዲስ ማሳና አዲስ አጥር የሚፈቅድ የቀበሌ ወረቀት መስጠት ከነገ ጀምሮ ማቆም ይቻላል። ለዚህ አዲስ አዋጅም፣ በጀትም አያስፈልግም።