የልብ ክኒን ለጆሮ ጠባሳ?

«ሲስተር፣ እናቴ የምትወስደውን ቬራፓሚል የሚባል የልብ ክኒን ፈጭቼ ጆሮዬ ላይ ያበጠውን ጠባሳ ብቀባው ይጠፋልኛል ወይ?» ስትል አንዲት የላሊበላ ወጣት ጠይቃኛለች። እብጠቱ የጀመራት ጆሮዋን ለጉትቻ ከተበሳች በኋላ ነው።

ይህ ኬሎይድ ይባላል። ቁስሉ ከዳነም በኋላ ቆዳ ኮላጅን የተባለውን የጠባሳ ክር መሥራቱን ስለማያቆም፣ ጠባሳው ከቁስሉ ወሰን አልፎ ይወፍራል፤ ያሳክካል፣ ያማልም። ካንሰር አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። እንደኛ ጥቁር ቆዳ ባላቸው፣ በተለይም በወጣቶች ላይ ይበዛል።

ጥያቄዋ መነሻ አለው። ቬራፓሚል ካልሲየም ወደ ሴሎች እንዳይገባ እየገደበ የፈጠነ የልብ ምትን ያረጋጋል። ጠባሳ የሚሠሩትን ሴሎችም ስለሚያዳክም፣ አንዳንድ ሐኪሞች ለመርፌ የተዘጋጀውን ጠባሳው ውስጥ በጥቂቱ ይወጉታል። ሆኖም ቀድሞ የሚመረጠው መርፌ ትራያምሲኖሎን ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ንጽጽር፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ ቬራፓሚል የተወጋው ወገን ኬሎይዱ ይበልጥ ስለተመለሰበት ጥናቱ ቀድሞ እንዲቆም ተደርጓል።

ክኒኑ ግን ሌላ ነገር ነው። ልጄ፣ ፈጭተሽ ብትቀቢው ወፍራሙን ጠባሳ ዘልቆ ለመግባቱ ዋስትና የለም። ብትውጪው ደግሞ የሚያገኘው ጠባሳውን ሳይሆን ልብሽን ነው፤ የደም ግፊትሽን አውርዶ፣ ምትሽን አዘግይቶ ራስሽን ሊያስትሽ ይችላል። እንደ ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል ካሉ መድኃኒቶች ጋር ሲደረብ አደጋው ይብሳል። እናትሽም ክኒናቸው ቀን ተቆጥሮ የተሰጣቸው ነው፤ ከጎደለባቸው ምታቸው ዳግም ሊዛባ ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በቅድሚያ ላሊበላ ሆስፒታል ታዪ። የቆዳ ሐኪም ካስፈለገ ሪፈር ይጻፍልሻል፤ አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታል ለሥጋ ደዌ ሕክምና ተቋቁሞ ዛሬ ለልዩ ልዩ የቆዳ በሽታዎች ሕክምና ይሰጣል። መርፌው በየ3 እና 4 ሳምንቱ ስለሚደገም ትዕግሥት ይጠይቃል። ማስቆረጥ ብቻውን አይበቃም፤ ብዙ ጊዜ ብሶ ይመለሳል። መተኮስማ በጠባሳ ላይ ጠባሳ መጨመር ነው።

ወላጆችም ልብ በሉ፦ በቤተሰባችሁ ኬሎይድ ያለበት ሰው ካለ፣ ለጌጥ ተብሎ የልጆች ጆሮ ባይበሳ፣ ግንባርና አንገትም ባይነቀስ ይመረጣል።