«አይቻልም» ብቻውን መልስ አይሆንም!



አንድ አባታችን ይዞታቸውን ከፍለው ለመስጂድና ለመድረሳ ወቅፍ አደረጉ። ማዘጋጃ ቤቱ ግን ቦታውን ከፍሎ ለመስጂዱ የራሱን ካርታ አልሰጥም አለ። ከብዙ ምልልስ በኋላ በእጃችን የገባው ደብዳቤ «አይቻልም» ይላል እንጂ ምክንያት የለውም። ይህንኑ ይዘን ፍርድ ቤት ቀርበናል።

ካርታ ከሌለ መስጂዳችን ነገ «ሕገ ወጥ ግንባታ» ይባላል፤ አባታችን ወደ አኼራ ሲሄዱም ወቅፉ የውርስ ክርክር ውስጥ ይገባል።

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አንክድም። የቦታው ስፋት ወይም የከተማው ፕላን የማይፈቅድ ከሆነ ሕጉ ተጠቅሶ ይነገረን። ፍትሕ የማግኘት መብታችን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ተደንግጓል።

ውድ ጀመዓዎች! በቃል የተነገረ እምቢታ ፍርድ ቤት ሲደረስ ይካዳል። ማመልከቻችሁን መዝገብ ቤት አስገቡ፤ ቀንና ቁጥሩን ያዙ፤ መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ። የወቅፉንም ሰነድ ሰጪው በሕይወት ሳሉ በምስክር አስፈርሙ።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ላይ መስጂዳቸውን የሠሩት የሁለት የቲሞችን መሬት ዋጋ ከፍለው ነው። እኛም የሰው ሐቅ አንነካም፤ የራሳችንንም አንተውም። በሰላምና በሰብር እንጠይቃለን፤ ኢንሻአላህ እናገኛለን።

አላሁ አክበር!