የቶሮንቶ ዋንጫ የዕድል ዋንጫ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ2019 ቶሮንቶ ራፕተርስ የወሰደው የኤንቢኤ ዋንጫ «ዋንጫ አይባልም» የሚሉ ሰዎች ዛሬም አልጠፉም። ዱራንት ተጎድቶ ነበር፣ ቶምፕሰንም ተጎዳ፣ ካዋይ ሌናርድ ለአንድ ዓመት በእንግድነት መጥቶ ዋንጫውን አንስቶላቸው ሄደ፤ ስለዚህ ዕድል ነው ይላሉ። ጨዋታዎቹን ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተው ያዩ ሰዎች እንኳ ይህንን ሲደጋግሙት እሰማለሁ። ነገሩ የኳስ ክርክር ብቻ ቢሆን «ይሁንላችሁ» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ግን አይደለም። ይህ ወሬ የሠራን ሰው ሥራውን መንፈግ ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ እንየው።

በጉዳቱ እንጀምር። አዎ፣ ኬቨን ዱራንት በባቱ ጉዳት ምክንያት የመጀመሪያዎቹን አራት የፍጻሜ ጨዋታዎች አልተጫወተም። በአምስተኛው ተመልሶ 12 ደቂቃ ያህል እንደተጫወተ የአኪለስ ጅማቱ ተበጠሰ። ክሌይ ቶምፕሰን ሦስተኛው ጨዋታ አመለጠው፤ በስድስተኛው ደግሞ 30 ነጥብ አስቆጥሮ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ያሳዝናል፤ ይህንን የሚክድ የለም። ነገር ግን ቶምፕሰን በነበረባቸው በአንደኛውና በአራተኛው ጨዋታ ያሸነፈው ማነው? ቶሮንቶ። በጎልደን ስቴት ሜዳ፣ ኦክላንድ ላይ የተደረጉትን ሦስት ጨዋታዎች ሦስቱንም ያሸነፈውስ? ቶሮንቶ።

ደግሞስ ሚዛኑ ለሁሉም እኩል ነው ወይ? በ2015 ጎልደን ስቴት ራሱ ክሊቭላንድን አሸንፎ ዋንጫ ሲወስድ ኬቨን ላቭ በጉዳት ምክንያት ከፍጻሜው ውጪ ነበር። ካይሪ ኧርቪንግ ደግሞ በመጀመሪያው ጨዋታ የጉልበት አጥንቱ ተሰብሮ ወጣ። ሌብሮን ጄምስ ያለ ሁለቱም ነው የተዋጋው። ያን ዋንጫ «የጉዳት ዋንጫ» ብሎ የሚጠራው ስንቱ ነው? የታላቅ ዘመን መጀመሪያ ተብሎ ነው የሚወሳው። አንዱ ሲያሸንፍ ታላቅነት፣ ሌላው ሲያሸንፍ ዕድል! ይህ ሚዛን ሳይሆን አድልዎ ነው።

ሁለተኛው ወሬ «ሌናርድ ብቻውን ነው የወሰደው» የሚለው ነው። ሌናርድ ድንቅ ነበር፤ የፍጻሜው ኮከብ ተብሎ መመረጡም ይገባዋል። ፊላዴልፊያ ላይ በሰባተኛው ጨዋታ የመጨረሻዋ ሰከንድ ላይ የወረወራት ኳስ ቀለበቱ ላይ 4 ጊዜ ነጥራ መግባቷ ዕድልም አለበት፤ እሱን እሰጣችኋለሁ። ግን ቁጥር ይናገር። ቡድኑ በመደበኛው የውድድር ዘመን 58 አሸንፎ 24 ተሸነፈ። ሌናርድ የተጫወተው 60 ጨዋታ ነው። እሱ ባልተጫወተባቸው 22 ጨዋታዎች ቶሮንቶ 17 አሸንፎ 5 ብቻ ተሸነፈ። «አንድ ሰው ነው» የተባለለት ቡድን ያ ሰው ሳይኖር እንዲህ ያሸንፋል? በፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ 32 ነጥብ ያስቆጠረው ፓስካል ሲያካም ነው። ዋንጫው በተወሰደበት በስድስተኛው ጨዋታ ሲያካምና ካይል ላውሪ እያንዳንዳቸው 26፣ ሌናርድና ፍሬድ ቫንቭሊት እያንዳንዳቸው 22 አስቆጠሩ። ከዚያ በፊት በምሥራቁ ፍጻሜ የዓመቱን ኮከብ ያኒስ አንቴቶኩምፖን የያዘውን፣ 60 ጨዋታ ያሸነፈውን ሚልዋኪን 2 ለ 0 ከተመሩ በኋላ በተከታታይ አራት ጨዋታ አሸንፈው አሰናበቱት። እዚያስ የማን ጉዳት ሊጠቀስ ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህ ቡድን ከሰማይ የወረደ አይደለም። ሰው ነው ያቀናጀው፤ ማሳይ ኡጂሪ ይባላል። ናይጄሪያ ዛሪያ ውስጥ ያደገ፣ በኤንቢኤ ያለ ደመወዝ ተጫዋች በመመልመል ሥራ የጀመረ ሰው ነው። ቶሮንቶ ሦስት ዓመት በተከታታይ በክሊቭላንድ ከተሸነፈ በኋላ፣ በ2018 59 ጨዋታ ያሸነፈውን አሰልጣኝ ድዌን ኬሲን አሰናበተ። ኬሲ ከተሰናበተ በኋላ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ! ኡጂሪ በቦታው ያስቀመጠው በእንግሊዝ ሊግና በአሜሪካ የታችኛው ሊግ ያሰለጠነውን፣ በኤንቢኤ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ የማያውቀውን ኒክ ነርስን ነው። ከዚያ ለዘጠኝ ዓመት የከተማው ልጅ የሆነውን ዲማር ዴሮዛንን ሰጥቶ፣ ባለፈው ዓመት በጉዳት 9 ጨዋታ ብቻ የተጫወተውንና ውሉ አንድ ዓመት የቀረውን ሌናርድን ወሰደ።

ያኔ ምን ተባለ? ውለታ ቢስ ተባለ። ዴሮዛን ማዘኑ ትክክል ነበር፤ ኡጂሪም በአደባባይ ይቅርታ ጠይቆታል። ግን ያ ውሳኔ ቢከሽፍ ኖሮ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የኡጂሪ ይሆን ነበር። «ዕድል ከዳው» የሚል አንድ ሰው አይገኝም ነበር። ሲከሽፍ ያንተ፣ ሲሳካ የዕድል። እንዲህ ያለ ሂሳብ የት አገር ነው ያለው?

ቡድኑን ደግሞ ተመልከቱት። በድራፍት ከመጀመሪያዎቹ 14 ምርጫዎች መካከል የተመረጠ አንድም ተጫዋች አልነበረበትም። ሌናርድ 15ኛ፣ ላውሪ 24ኛ፣ ካሜሩናዊው ሲያካም 27ኛ፣ ማርክ ጋሶል 48ኛ ነበሩ። ቫንቭሊትን ጭራሽ የመረጠው ቡድን አልነበረም። ሌሎች አይተው ያለፏቸውን ሰዎች አይቶ መሰብሰብ ዕድል ሳይሆን ዓይን ነው።

እና ይህንን ሁሉ የሠራው ሰው ዋንጫው በተወሰደበት ሌሊት ምን ገጠመው? ከተጫዋቾቹ ጋር ለመደሰት ወደ ሜዳው ሲያመራ የአላሜዳ ካውንቲ ሸሪፍ ባልደረባ አስቆመው። የሸሪፉ ቢሮ በማግስቱ የሰጠው መግለጫ ኡጂሪ ባጁን አላሳይም ብሎ ፖሊሱን እንደገፋና ፊቱን እንደመታ የሚል ነበር። ወሬው ዓለምን ዞረ። ዐቃቤ ሕግ ክስ ባይመሠርትም ፖሊሱ ራሱ «ተጎዳሁ» ብሎ ፍርድ ቤት ከሰሰው። ከ14 ወር በኋላ፣ በነሐሴ 2020፣ የፖሊሱ የራሱ ደረት ላይ የነበረው ካሜራ የቀረጸው ምስል ወጣ። ኡጂሪ ባጁን ሊያሳይ ሲሞክር ፖሊሱ ሁለት ጊዜ ሲገፈትረው፣ ኡጂሪ የገፋው ከዚያ በኋላ መሆኑ ታየ። በየካቲት 2021 ክሱ ተዘጋ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ለዚህ ነው። ካሜራው ባይኖርስ ኖሮ?

«ዕድል ነው» የሚል ሁሉ እንደዚያ ፖሊስ ነው አላልኩም። ግን ልማዱ አንድ ነው። መጀመሪያ «እዚህ ቦታ አይገባውም» ብሎ መወሰን፣ ማስረጃውን ከዚያ በኋላ መፈለግ። አንዱ ባጁን እያየ አላይም አለ፤ ሌላው የውጤት ሰሌዳውን እያየ አላይም ይላል። የሙያ ጓደኞቼም ከዚህ አንድ ነገር እንድንይዝ እፈልጋለሁ፦ የፖሊስ መግለጫ የአንድ ወገን ቃል ነው፤ «ተረጋገጠ» ተብሎ የሚጻፍ ነገር አይደለም።

ከእንግዲህ «የቶሮንቶ ዋንጫ በዕድል ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁት። የ2015ቱስ? ሌናርድ የሌለባቸው 17 ድሎችስ? መልስ ካለው ጽፎ ይላክልኝ፤ እዚሁ አወጣዋለሁ። ከሌለው ግን አውቆ የተኛ ነውና ለመቀስቀስ አትድከሙ።