ኩሽኔታው ሲበላ

ባለፈው መስከረም ሐይቅ መሃል እግሬ ረጠበ። ባለስድስት ጎማዋ አሮጌ መኪናዬ በየብስም በውሃም ትሄዳለች። አብራኝ የነበረችው የወንድሜ ልጅ “አጎቴ፣ ውሃ እየገባ ነው!” አለችኝ። እንደምንም ዳር ደረስን።

ጥፋቱ የኔ ነበር። በዚህች መኪና አክስሎቹ ሰውነቷን በስተው የሚወጡት ከውሃው በታች ነው። እዚያ አክስሉን እያሽከረከረ የሚይዝ ኩሽኔታ፣ ከጎኑም ውሃ የሚከለክል የላስቲክ ቀለበት አለ። ኩሽኔታው ሲበላ አክስሉ ይወዛወዛል፤ ላስቲኩም ውሃውን መያዝ ያቅተዋል።

ሚያዝያ ላይ አዲስ ኩሽኔታ ስገጥም ቸኩዬ የውጭውን ቀለበት በመዶሻ መታሁት። ምቱ በብዮቹ በኩል አልፎ መሽከርከሪያቸውን ያጎደጉዳል። አክስል ላይ ሲገባ መገፋት ያለበት የውስጠኛው ቀለበት ብቻ ነው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ሰነፍኩ።

አሁን አባዬ አጠገቤ ቆመው “ቀስ በል” እያሉኝ ሠራሁት። በክሪክ አንስተን እያንዳንዱን ጎማ ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቅን፤ ሁለቱ ላልተዋል። ለወጥናቸው፣ ግራሶም ሞላን። (ኩሽኔታ፣ ክሪክ፣ ግራሶ፦ ሦስቱም ከጣሊያንኛ ወደ ጋራዣችን የገቡ ቃላት ናቸው።) አሮጌዎቹን አባዬ ወሰዷቸው፤ ልጅ ሳሉ በእንዲህ ያለ ኩሽኔታ የእንጨት ጋሪ ይሠሩ ነበር።

ቅዳሜ ሐይቁ ላይ እንሞክራታለን። የወንድሜ ልጅ ግን “መጀመሪያ ብቻህን ሂድ” ብላኛለች።