የእንጦጦን ሥራ ማን ይቁጠርለት?

አዲስ አበባ ገና ሳትጠና ልትፈርስ የተቃረበችው በማገዶ እጦት ነው። የእንጦጦ ጽድና ወይራ ተቆርጦ ሲመናመን ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ እስከማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን ያቆያት በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ለተከለ ሰው መሬቱ ከግብር ነፃ ተደረገለት፤ ተራራውም እንደገና ለበሰ። ተራራው ካልሠራ ከተማዋ እንደማትኖር ያኔ ግልጽ ነበር።

ዛሬ ይህ የተረሳ ይመስላል። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የተመረቀው እንጦጦ ፓርክ 1,300 ሄክታር ላይ አርፏል። በየካ ተራራ የሚገነባው ጫካ ፕሮጀክት ከ500 ሄክታር በላይ ይሸፍናል ተብሏል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ ድረስ ደግሞ መኖሪያ ቤቱ ሽቅብ እየወጣ ነው። ክርክሩ ሁሉ የሚያርፈው አንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ካሬው ስንት ያወጣል?

ተዳፋቱ ሳይሸጥ የሚሠራው ሥራ ግን አለ። በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል፤ አብዛኛው በክረምት ነው። ሥርና ሣር የያዘው አፈር ውኃውን አዘግይቶ ወደ ከርሰ ምድር ያሰርገዋል። ጣሪያና አስፋልት የለበሰ ተዳፋት ዝናቡን እንዳለ ወደ ቀበና ወንዝ ይለቀዋል። ያኔ አጥሩ የሚፈርስበትና ሱቁ ውኃ የሚገባበት የታችኛው ሰፈር ነዋሪ ነው። ከላይ የገነባው ሰው ከዚህ ኪሳራ አንድ ብር አይከፍልም።

የቀበና ውኃ ከሌሎች ወንዞች ጋር ተቀላቅሎ በአቃቂ በኩል አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። አባ ሳሙኤል የአገሪቱ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ነው። በደለልና በእንክብካቤ እጦት ለአሥርተ ዓመታት ቆሞ፣ በ2009 ዓ.ም. በቻይና ድጋፍ ታድሶ 6 ሜጋ ዋት ገደማ ማመንጨት ጀመረ። ከተራራውና ከከተማዋ የሚታጠበው አፈር መድረሻው እዚያ ነው። ላይ "ልማት" ተብሎ የተመዘገበው ታች የጠፋ መብራት ሊሆን ይችላል።

በሒሳቡ ውስጥ የማይገቡ ሰዎችም አሉ። ጎህ ሳይቀድ እንጦጦ ወጥተው፣ ከራሳቸው ክብደት የማይተናነስ ጭራሮና ቅጠል አዝለው የሚወርዱ እናቶች የከተማዋን ምጣድ ለዘመናት አግለዋል። ለጥበቃው ሕገ ወጥ ናቸው፤ ለእንጀራ ጋጋሪዋ ግን ያለ እነሱ ቀኑ አይውልም። ደኑ ሲታጠር የእነሱ ገቢ ይቋረጣል፤ ማገዶው ደግሞ ከሌላ ደን ከሰል ሆኖ በአይሱዙ ይመጣል። ጭፍጨፋው ቦታ ቀየረ እንጂ አልቆመም።

ባሕር ዛፉ አይነካ ማለትም አያዋጣም። ውኃ ይጠጣል፤ ከሥሩ ሣር ስለማያበቅል አፈሩ ይታጠባል። ፓርኩም ለብዙ ወጣቶች ሥራ ፈጥሯል፤ ከተማዋ ገቢ ያስፈልጋታል። ስለዚህ ጥያቄው ተራራው ላይ ማን ይጠቀም፣ ለተጠቀመበትስ ምን ይክፈል የሚለው ነው።

መልሱ ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ ከፓርኩ የመግቢያና የኪራይ ገቢ የታወቀ ድርሻ ለእርከን ሥራ፣ ለቦረቦር ማዳንና ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ በጽድ፣ በወይራና በኮሶ ለመተካት ይመደብ፤ ለዚህ ሥራ ቅድሚያ የሚቀጠሩትም እንጨት ተሸካሚዎቹ ይሁኑ። ሁለተኛ፣ ተዳፋት ላይ የሚገነባ ሰው የጣሪያውን ውኃ በግቢው ውስጥ ካልያዘ የግንባታ ፈቃድ አይሰጠው። ሦስተኛ፣ የጎርፍና የደለል ኪሳራ ተሰልቶ በሊዝ ዋጋው ላይ ይደመር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የሕዝብ ከሆነ የሕዝቡ ኪሳራም ዋጋው ውስጥ መግባት አለበት።

ምኒልክ ማገዶ ሲያጡ ሌላ መናገሻ የመፈለግ አማራጭ ነበራቸው። ሚሊዮኖች የሚኖሩባት አዲስ አበባ ግን ተራራዋን ትታ የምትሄድበት አዲስ ዓለም የላትም።