ከሜሪላንድ ምን ይዘን እንመለስ?

ባለፈው እትም ስለ አሜሪካ የካናቢስ ሱቆች የወጣውን ጽሑፍ እዚህ አል ሙራቃባት፣ ከአል ሪጋ የሜትሮ ጣቢያ ብዙም በማይርቅ የአበሻ ምግብ ቤት ተቀምጠን፣ አንዱ እያነበበ ሌሎቻችን እየሰማን ጨረስነው። ወንድማችን ብዕር አለው፤ ያሳቀንም ቦታ አለ። ይሁን እንጂ የደረሰበት መደምደሚያ፣ ይኸውም መድኃኒት የትም መድኃኒት ነው፣ ድንበር አያግደውም የሚለው፣ ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባም። በዚያ ገበታ ዙሪያ ከነበርነው ሰባት ተማሪዎች ሦስቱ በሚቀጥለው ዕረፍት ወደ ዋሽንግተን አካባቢ የሚሄዱ ናቸው። ሦስቱም ተመልሰው የሚያርፉት ዱባይ ነው።

ወንድማችን ከሱቆቹ ጋር አያይዞ ስለ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ተመልካች ግለትም ጽፏል። እኔም ከሁለቱም ደርሼ መጥቻለሁና የማላውቀውን እያወራሁ አይደለም።

ያለፈውን ገና ያሳለፍሁት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አክስቴ ቤት ነው። አክስቴ የጡት ካንሰር ሕክምና ላይ ናት። የኬሞቴራፒው ማቅለሽለሽ ምግብ ከልክሏት፣ የቡና ሽታ እንኳ አላስቀርብ ብሏት ነበር። (ቡና ማፍላት ያቆመ የአበሻ ቤት ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል።) ሐኪሟ ያዘዘላት ማስታወክ መከላከያ የረዳት በከፊል ብቻ ስለሆነ፣ ካናቢስ ለመግዛት የሚያበቃ የምስክር ወረቀት ተሰጣት። በሜሪላንድ ሱቆቹ ለሕሙማን የተከፈቱት በ2017 መጨረሻ ሲሆን፣ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ደግሞ 21 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ እንዲገዛ ተፈቅዷል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሱቁ በር ስንደርስ ነጠላዋን አውልቃ መኪናው ውስጥ ተወችው። «የቤተ ክርስቲያን ሰው ቢያየኝ ምን እላለሁ?» አለችኝ። «እትዬ፣ ካየሽም እሱም እዚያው ውስጥ ሆኖ ነው» ብላት ከመጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች።

በሩ ላይ መታወቂያ ይታያል። ውስጡ የወርቅ ቤት እንጂ መድኃኒት ቤት አይመስልም። መስተዋቱ የጸዳ፣ መብራቱ የለዘበ፤ አበባው በብልቃጥ፣ ከረሜላው በሣጥን፣ ዘይቱ በጠብታ ጠርሙስ ተደርድሯል። ጥግ ላይ የገንዘብ ማውጫ ማሽን ቆሟል። ካናቢስ በፌዴራሉ ሕግ ስለማይፈቀድ ብዙ ባንኮች ከዚህ ንግድ ጋር መነካካት አይወዱም፤ ስለዚህ አብዛኛው ግብይት በጥሬ ገንዘብ ነው። ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው ወጣት በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ ትሑትና ፈገግተኛ ነበር። ነገር ግን አክስቴ ሌላ ምን መድኃኒት እንደምትወስድ አልጠየቃትም። ስንት ልውሰድ ብትለው በትንሹ ጀምሪ፣ ከዚያ እያየሽ ጨምሪ አላት። ወደ እኔ ዞራ «ዶክተሩ አንተ ነህ፤ በል ንገረኝ፣ ስንት ልዋጥ?» አለችኝ። የአራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ፤ አላወቅሁም።

ሊጤን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የምስክር ወረቀቱ የሐኪም ትእዛዝ አይደለም። ምን ያህል ሚሊግራም፣ በስንት ሰዓት ልዩነት፣ ለስንት ቀን የሚል ነገር የለበትም። መጠኑ የሚወሰነው በሻጭና በገዢ መካከል ነው። ይህን ስል ካናቢስ መድኃኒትነት የለውም የሚሉትን ደግፌ አይደለም፤ እነዚያም ተሳስተዋል። የአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2017 ባወጡት ሰፊ ግምገማ ለኬሞቴራፒ ማቅለሽለሽ፣ ለአዋቂዎች ሥር የሰደደ ሕመምና በመልቲፕል ስክለሮሲስ ለሚመጣ የጡንቻ መጨማደድ በቂ ማስረጃ እንዳለ መስክረዋል። ድሮናቢኖል የተባለው እንክብል በአሜሪካ የተፈቀደው በ1985 ነው፤ ካናቢዲዮል ደግሞ በ2018 ለሁለት ብርቱ የልጅነት የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ተፈቅዷል። እነዚህ ግን ተለክተውና ተፈትነው በሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት የሚወጡ ናቸው። ወንድማችን የጎበኘው ሱቅና መድኃኒት ቤት አንድ አይደሉም።

ልዩነቱን በሦስተኛው ቀን ሌሊት አየሁት። መጀመሪያ ቀን አክስቴ የከረሜላውን ግማሽ ወስዳ ማታ አንድ ሳሕን አጥሚት ጠጣች፤ ደስ አለን። በሦስተኛው ቀን ግን ግማሹን ከወሰደች ከአርባ ደቂቃ በኋላ «ዛሬስ አልሠራም» ብላ አንድ ሙሉ ጨመረች። የሚበላ ካናቢስ በጉበት በኩል ስለሚያልፍ መሥራት የሚጀምረው ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ይህን የነገራት ሰው አልነበረም። እኔም አልነገርኋትም። እኩለ ሌሊት ላይ ልቤ ሊወጣ ነው ብላ ቀሰቀሰችኝ። የእጇን ትርታ ስቆጥር በደቂቃ 128 ነበር። እስኪነጋ እጇን ይዤ ተቀመጥሁ። ሲነጋ ደህና ሆነች፤ ከረሜላውን ግን አልጣለችውም፣ በሩብ ሩብ ቆራርጣ አስቀመጠችው። ትክክል አደረገች እላለሁ።

(ጋዜጦቻችን ካናቢስን ዕፀ ፋሪስ ማለት ለምደዋል። በአገር ቤት ግን በዚህ ስም የሚጠራ ሌላ ተክል አለ፤ አስተናግር የሚባለው፣ የሚያስቀባጥረው መርዘኛ። ሁለቱን መምታታት ለሐኪም ቀልድ አይደለም።)

በማግስቱ የአክስቴ ልጅ፣ በዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ ተማሪ ነው፣ ኮሌጅ ፓርክ ወዳለው የቅርጫት ኳስ አዳራሽ ወሰደኝ። ወደ 18,000 ሰው ይይዛል። ከአንደኛው ቅርጫት ጀርባ የተማሪዎቹ መቀመጫ እንደ ገደል ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ራሳቸውም «ግድግዳው» ይሉታል። የተቃራኒው ቡድን ተጫዋች ነፃ ውርወራ ሊወረውር ሲቆም ያ ግድግዳ ሁሉ እጁን እያወናጨፈ ይጮኻል። ከበሮው ደረቴ ውስጥ ይመታ ነበር። ሕጉን በቅጡ አላውቀውም፤ ማን እንደሚበልጥም ግድ አልነበረኝም። ሆኖም ከአሥር ደቂቃ በኋላ ከማላውቀው ልጅ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፌ ስጮህ ራሴን አገኘሁት። ሌሊቱን ሙሉ ስላልተኛሁ ደክሞኝ ነበር የገባሁት፤ ስወጣ ድካሙ የለም።

ይህ ነገር ተረት አይደለም። በ1992 ተመራማሪዎች ሰውነታችን ራሱ የሚሠራውን፣ ካናቢስ የሚነካውን በር የሚያንኳኳ ንጥረ ነገር አግኝተው አናንዳማይድ አሉት፤ ስሙን የወሰዱት ሐሴት ከሚል የሳንስክሪት ቃል ነው። ከሩጫ በኋላ በደም ውስጥ ከፍ እንደሚል ተለክቷል። በ2010 ደግሞ ኦክስፎርድ ውስጥ ቀዛፊዎች ለብቻቸውና በኅብረት ሲቀዝፉ ተፈትነው፣ ድካሙ እኩል ሆኖ ሳለ፣ በኅብረት የቀዘፉት ሕመም የመቻል አቅማቸው ይበልጥ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የተመልካች ጩኸት ያንኑ ያደርጋል ብዬ አልምልም። ግን የዚያን ማታ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ፤ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ እንቅልፍ ያጣሁ ሰው ነኝ።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ ስሙ ዛሬም የሚነሣ ተጫዋች አለ፤ ሌን ባያስ ይባላል። ጁን 17 ቀን 1986 የቦስተን ሴልቲክስ ቡድን በዓመቱ ምርጫ ሁለተኛ አድርጎ ወሰደው። በሁለተኛው ቀን፣ ጁን 19፣ እዚያው ተማሪ ቤት ግቢ ውስጥ ኮኬይን ወስዶ የልቡ ምት ተዛብቶ ሞተ። ዕድሜው 22 ነበር። የዚያ ሁሉ ሕዝብ ጩኸት ከእሱ ጋር ነበር፤ አላዳነውም። በሞቱ የተደናገጠው የአሜሪካ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ብርቱ የዕፅ ሕግ አወጣ፤ ሕጉም ብዙ ሺህ ድሆችን፣ በተለይ ጥቁሮችን፣ ለረጅም ዓመት እስር ዳረገ። ስለዚህ ተመልካች ፈውስ ነው ብዬ ልሰብክ አልነሣሁም፤ ቅጣት ፈውስ ነው ማለትም አይቃጣኝም። ካናቢስ እንደ ኮኬይን ይገድላል ማለቴም አይደለም፤ አይገድልም። ይህን ታሪክ ያመጣሁት ሕግ ከየት እንደሚመጣ ለማሳየት ነው። ሕግ የሚጻፈው በመርዙ ልክ ብቻ ሳይሆን በየአገሩ ድንጋጤ ልክም ነው፤ ስለዚህም ከአገር አገር አይመሳሰልም።

አሁን ወደ ሻንጣዬ ልምጣ። ልመለስ በዋዜማው አክስቴ የሰጠችኝ በርበሬና ሽሮ ኪሎውን አሳልፎብኝ ሻንጣዬን እንደገና ፈታሁት። ሸሚዜ ውስጥ ተጠቅልሎ አንድ ጥቅል አገኘሁ፤ ከረሜላ ነው። ላዩ ላይ የአክስቴ ልጅ በእጁ «ለእንቅልፍህ» ብሎ ጽፎበታል። ልጁ ክፋት የለበትም። እንቅልፍ እንዳጣሁ ያወቀው ከእኔው አፍ ነው፣ ለእሱም ነገሩ ሱቅ ገብቶ የሚገዛ ነገር ነው። በርበሬው ሁለት ኪሎ ቢያንስ ኖሮ ግን ያ ጥቅል ከእኔ ጋር ዱባይ አውሮፕላን ማረፊያ ይወርድ ነበር።

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ካናቢስን መያዝም መጠቀምም ወንጀል ነው። ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ የጸናው የ2021 ሕግ ቁጥር 30 ለመጀመሪያ ጊዜ ለተገኘ ሰው ቅጣቱን በመጠኑ አለዝቦት ነበር፤ በሩን ግን አልከፈተም። እስር፣ የገንዘብ ቅጣትና ከአገር መባረር ሁሉም አሉ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነው፦ በደም ወይም በሽንት ውስጥ መገኘቱ ራሱ እንደ መያዝ ተቆጥሮ ሊያስጠይቅ ይችላል። ቲኤችሲ በስብ ውስጥ የሚቀመጥ ነገር ነው። አንድ ጊዜ የቀመሰ ሰው ሽንት ውስጥ ለጥቂት ቀን፣ ዘወትር በሚወስድ ሰው ደግሞ ከወር በላይ ርዝራዡ ሊገኝ ይችላል። እንግዲህ ሻንጣህን ባዶ አድርገህ ብትመጣም ሰውነትህ ተሸክሞት ይመጣል። «የወሰድሁት በተፈቀደበት አገር ነው» የሚለው ክርክር ያድነኛል ብሎ መተማመን ሞኝነት ነው። ስኮላርሺፕ ያለው ሰው የሚያጣው ደግሞ የራሱን ዓመታት ብቻ አይደለም፤ ቤተሰቡ ተስፋ የጣለበትንም ነው።

በአሜሪካ ያላችሁም ነገሩ አይመለከተንም አትበሉ። ቪዛ የሚሰጠውም የሚነሣውም በፌዴራሉ ሕግ እንጂ በሜሪላንድ ሕግ አይደለም፤ የውጭ ዜጋ ተጠይቆ ተጠቅሜያለሁ ብሎ ማመኑ ብቻ መግቢያ ሊያስከለክለው ይችላል። ከቦሌ ለምትመጡት ደግሞ፦ ጫት እዚህ የተከለከለ ነው፤ እናት ለወገቤ ብላ የሰጠችህ ትራማዶል ወይም ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕም ከአገሪቱ የጤና ባለሥልጣን የቅድሚያ ፈቃድ ይፈልጋል። ይህን በግማሽ ገጽ ጽፎ ከየዕረፍቱ በፊት በዚህ መጽሔት ላይ ማውጣት ለማኅበራችን ከባድ ሥራ አይደለም። እኔ ልጽፈው ዝግጁ ነኝ።

የሚቀረው እንቅልፉ ነው። ወንድማችን ሱቁን የወደደው ለምን እንደሆነ ጽሑፉን ደግሜ ሳነብ የገባኝ መሰለኝ፤ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ነው። እኛም ነን። በአል ሙራቃባት መንገዱ እስከ እኩለ ሌሊት በሰው ይሞላል፤ ያ ሁሉ ሰው ግን የየራሱን መንገድ የሚሄድ ነው።

ከሜሪላንድ በተመለስሁ በጥቂት ሳምንት፣ በዚያው በጥር፣ የዱባይ ማራቶን ነበር። ማኅበራችን ለአውቶቡስ ኪራይ ተጠይቆ ሩጫ ማየት ከትምህርት ጉዳይ ውጭ ነው በሚል ምክንያት አልፈቀደም፤ አራት ሆነን በታክሲ ሄድን። በዚህ ውድድር ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2008፣ በ2009 እና በ2010 አሸንፏል። አየለ አብሽሮ በ2012 ማራቶን ለመጀመሪያ ጊዜ ሮጦ በ2:04:23፣ ጌታነህ ሞላ በ2019 እንዲሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሮጦ በ2:03:34፣ ትዕግሥት ከተማም በ2024 የመጀመሪያ ማራቶኗን በ2:16:07 አሸንፋበታለች። ይህን ሁላችንም በስልካችን እናነበዋለን። በስልክ የማይታየው ከመንገዱ ዳር ያለው ነው፦ በቤት ሠራተኝነት የሚሠሩ እኅቶቻችን ከአሠሪዎቻቸው የግማሽ ቀን ፈቃድ ለምነው፣ ጥበብ ለብሰው፣ ሰንደቅ ዓላማ ትከሻቸው ላይ ጥለው ሲጮኹ። አንዷ አጠገቤ ሆና ሯጮቹ ካለፉ በኋላ እንኳ እልል ማለቷን አልተወችም። ከየት እንደሆንሁ ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት፤ «ወንድሜ፣ እኔ እዚህ አገር ከገባሁ ጮክ ብዬ ስናገር ዛሬ መጀመሪያዬ ነው» አለችኝ። የኮሌጅ ፓርክ ግድግዳ ይህን አያውቅም።

ስለዚህ የኪራዩ ጥያቄ እንደገና እንዲታይ አመልክቻለሁ። የሥራ አስፈጻሚው ስብሰባ ዓርብ ማታ በዚያው ምግብ ቤት ነው። አንድ አውቶቡስ ከሻርጃ ተነሥቶ፣ ዩኒየን ጣቢያ ሰው ጭኖ፣ ጎሕ ሳይቀድ ጁመይራ ሊደርስ ይችላል። ለእኅቶቻችንም አሥር መቀመጫ ይያዝ። ወንድማችን ከአሜሪካ በዚያ ሰሞን ካለፈ አልጋ አለኝ፤ ከመምጣቱ አንድ ወር በፊት ግን ይጻፍልኝ፣ ምክንያቱን ያውቀዋል። ከበሮ ያለው ሰው ዓርብ ይንገረን።